የስቴት አስተዳደር ዩኒት ቴስት፦ መፈተሽ ያለበት ሪዱሰሩ ነው፣ ሴሌክተሩ ነው ወይስ ስቶሩ በሙሉ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ቡድናችን በሪአክት (የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ)፣ በታይፕስክሪፕትና በሪዳክስ ቱልኪት (የስቴት ማስተዳደሪያ ላይብረሪ) የተሠራ የማስታወሻ መጻፊያ የዌብ መተግበሪያ ተረክቦ እያሳደገ ይገኛል። ተጠቃሚው ማስታወሻ ይጽፋል፣ በአቃፊ ይመድባል፣ ከአንዱ አቃፊ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ በመፈለጊያው ሳጥንም ቃል እየጻፈ ይፈልጋል። የስቴት (መተግበሪያው በየጊዜው የሚይዘው መረጃ) አስተዳደሩ ኮድ በቪቴስት (የቴስት ማስኬጃ መሣሪያ) የተጻፉ እጅግ ብዙ ዩኒት ቴስቶች (አንድን የኮድ ክፍል ለብቻው የሚፈትሹ) አሉት፤ አሠራራቸውም ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ አክሽን ፈጣሪ (የለውጥ ጥያቄ የሆነውን አክሽን የሚሠራ ፋንክሽን) ትክክለኛውን የአክሽን ስም መመለሱ ይፈተሻል፤ እያንዳንዱ ሪዱሰር (በአክሽኑ መሠረት አዲስ ስቴት የሚመልስ ፋንክሽን) ለብቻው እየተጠራ የሚመልሰው ስቴት መስክ በመስክ ይነጻጸራል፤ ሰርቨሩን የሚጠሩት ተንኮች (ጊዜ የሚወስድ ሥራ የሚያካሂዱ ፋንክሽኖች) ደግሞ በሪዳክስ ሞክ ስቶር (የማስመሰያ ስቶር፣ ማለትም የስቴት መያዣ) ላይ ዲስፓች እየተደረጉ (እየተላኩ)፣ መጀመሪያ የ«ፔንዲንግ» (በመጠባበቅ ላይ)፣ ቀጥሎም የ«ፉልፊልድ» (የተሳካ) አክሽን በቅደም ተከተል መውጣቱ ይረጋገጣል።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች አስቸግረውናል። አንደኛው፣ ማስታወሻዎቹን ከአሬይ (ተራ ዝርዝር) አውጥተን እያንዳንዱ በመለያው ወደሚገኝበት ኦብጀክት ስናሸጋግር፣ ተጠቃሚው የሚያየው ነገር ቅንጣት ሳይለወጥ አብዛኞቹ ቴስቶች ወደቁ። ሁለተኛውና የከፋው፣ ተጠቃሚው በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ፈጠን ብሎ ሲጽፍ የቀደመው ቃል ውጤት ዘግይቶ ይደርስና የአዲሱን ቃል ውጤት ይደመስሰዋል፤ ይህ ጉድለት ተጠቃሚዎች ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ቴስቶች አልፈው ነበር።

ስለዚህ የስቴት አስተዳደር ኮድ በየትኛው እርከን ቢፈተሽ ይሻላል? በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ ጉድለትንስ ዩኒት ቴስት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊይዘው ይችላል ወይስ በእውነተኛ ብሮውዘር ለሚካሄድ ፍተሻ ብቻ የሚተው ነው? ልምድ ያላችሁ ባለሙያዎች ምክንያታችሁን ጭምር ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። እነዚህ ቴስቶች የሚጠብቁት ኮዱ የተጻፈበትን መንገድ እንጂ ኮዱ የሚሠራውን ሥራ አይደለም፤ በመሆኑም አጻጻፉ ሲለወጥ ያለ ምክንያት ይወድቃሉ፣ ሥራው ሲበላሽ ግን ያልፋሉ።

ሪዳክስ በ2015 በዳን አብራሞቭና በአንድሩ ክላርክ ሲሠራ፣ ሪዱሰር ያለፈውን ስቴትና አንድ አክሽን ተቀብሎ አዲስ ስቴት የሚመልስ ንጹሕ ፋንክሽን እንዲሆን ተደረገ። ንጹሕ ፋንክሽን ያለ ብሮውዘርና ያለ ሰርቨር በቀላሉ ስለሚፈተሽ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ የመፈተሽ ልማድ በሰፊው ተስፋፋ። የሪዳክስ ይፋዊ ሰነድ ግን ዛሬ የሚመክረው ሌላ ነው፤ ክፍሎቹ አንድ ላይ ሲሠሩ የሚያሳዩት ባሕርይ በቅድሚያ እንዲፈተሽ፣ ሪዱሰርና ሴሌክተር (ከስቴቱ የሚፈለገውን የሚያነብ ፋንክሽን) ለብቻቸው የሚፈተሹትም ውስብስብ ሕግ ሲይዙ እንዲሆን ያሳስባል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በስቴት አስተዳደር ውስጥ ለብቻው ሊፈተሽ የሚገባው ትንሹ ክፍል አንድ ስላይስ (የስቴቱ አንድ ክፍል) ከነአክሽኖቹ፣ ከነሪዱሰሩና ከነሴሌክተሮቹ ነው። ወደዚህ ክፍል የሚገባው በዲስፓች ነው፤ ከእሱም የሚወጣው በሴሌክተር ነው። ቴስቱ በእነዚህ ሁለት በሮች ብቻ ይጠቀም፤ በመካከል ስቴቱ አሬይ ይሁን ኦብጀክት ሊያውቀው አይገባም።

ነገሩን በእርስዎ መተግበሪያ ልግለጸው። አንድ ማስታወሻ ከአንድ አቃፊ ወደ ሌላ መዛወሩን የሚፈትሽ ቴስት እውነተኛ ስቶር ይፍጠር፤ ሁለት አቃፊና አንድ ማስታወሻ የሚጨምሩትን አክሽኖች ይላክ፤ ከዚያም የማዛወሪያውን አክሽን ይላክ። በመጨረሻ «የዚህ አቃፊ ማስታወሻዎች» የሚለውን ሴሌክተር ለሁለቱም አቃፊዎች ጠርቶ ማስታወሻው በአዲሱ ውስጥ እንዳለ፣ በቀድሞው ውስጥ ደግሞ እንደሌለ ያረጋግጥ። የቴስቶቹ መነሻ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከአሬይ ወደ ኦብጀክት ስትሸጋገሩ አንድም ቴስት ባልወደቀ ነበር፤ ሴሌክተሩ ውስጡ ቢለወጥም የሚመልሰው ያው ነውና። ከዚህም በላይ፣ ሽግግሩን የሠራው ሰው አንዱን ሴሌክተር ማስተካከል ቢዘነጋ ቴስቱ በትክክለኛው ምክንያት ይወድቅ ነበር።

የአክሽን ፈጣሪ ቴስቶችን ያለ ጸጸት ያጥፏቸው። የሪዳክስ ቱልኪት ክሪኤት ስላይስ (ስላይስ የሚሠራው ፋንክሽን) አክሽን ፈጣሪዎቹን ራሱ ያመነጫል፤ እነሱን መፈተሽ ላይብረሪውን መፈተሽ ነው። ሪዳክስ ሞክ ስቶርም የተላኩለትን አክሽኖች ከመመዝገብ በቀር ሪዱሰሩን ስለማያስኬድ ስቴቱ ፈጽሞ አይለወጥም። በእሱ ላይ የተሠራ ቴስት የሚነግርዎ «ይህ አክሽን ወጥቷል» የሚለውን ብቻ ነው፤ አክሽኑ በስቴቱ ላይ ያደረሰውን ለውጥ ግን ሊያሳይ አይችልም። የፍለጋው ጉድለት ከቴስቶቹ ያመለጠውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሪዱሰርን ለብቻው መፈተሽ የሚያዋጣበት ሁኔታ ግን አለ፤ እሱም ሕጉ በራሱ ጥልቀት ሲኖረው ነው። መቀልበስና መድገም፣ ተጠቃሚው ካስተካከለው ጽሑፍ ጋር ከሰርቨር የመጣን ለውጥ ማዋሐድ፣ የአቃፊዎች ቅደም ተከተል አንዱ ሲሰረዝ እንዴት እንደሚስተካከል፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ መነሻና ብዙ መድረሻ ያላቸው ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሕግ መነሻ ስቴቱን፣ አክሽኑንና የሚጠበቀውን ውጤት በሠንጠረዥ ደርድሮ አንድ ቴስት በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ማስኬድ ንጹሕና ፈጣን መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ «ቱኢኩዋል» የሚባለው ማነጻጸሪያ ዋጋቸው አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው) የሆኑ መስኮችን እንደሌሉ እንደሚቆጥር ልብ ይበሉ። አንድ መስክ ከስቴቱ ጨርሶ መውጣቱ ወይም በባዶው መቅረቱ ልዩነት የሚያመጣ ከሆነ «ቱስትሪክትኢኩዋል» የሚለውን ይጠቀሙ። አክሽኑ የማይመለከተው የስቴት ክፍል እንዳልተነካ ለማረጋገጥ ደግሞ በ«ቱቢ» ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው ያው ራሱ ኦብጀክት መሆኑን ማየት ይበቃል፤ ሪአክት ያለአግባብ ደግሞ እንዳይሥል የሚጠብቀው ይህ ነውና ትልቅ ዋጋ አለው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምመልሰው በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተውን ጥያቄ ነው። ይህን ጉድለት ዩኒት ቴስት ይይዘዋል፤ እንዲያውም በእውነተኛ ብሮውዘር ከሚካሄድ ፍተሻ ይልቅ በአስተማማኝነት ይይዘዋል፤ ምክንያቱም በብሮውዘር ፍተሻ ውስጥ የትኛው ምላሽ ቀድሞ እንደሚደርስ በአብዛኛው የሚወስነው ዕድል ሲሆን በዩኒት ቴስት ውስጥ ግን የሚወስነው ቴስቱን የጻፈው ሰው ነው።

ቁልፉ የምላሾቹን መድረሻ በእጅ መያዝ ነው። ፍለጋውን የሚያካሂደው ተንክ የሰርቨር መጥሪያውን ከውጭ እንዲቀበል ያድርጉ፤ የሪዳክስ ቱልኪት ኤክስትራ አርጉመንት የሚባለው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። በቴስቱ ውስጥ የሚሰጡት ማስመሰያ መጥሪያ በተጠራ ቁጥር ገና ያልተፈጸመ ፕሮሚስ (ወደፊት የሚመጣ ውጤት መያዣ) ይመልስ፤ ፕሮሚሱን የሚፈጽመውን ፋንክሽን ደግሞ ቴስቱ ለራሱ ያስቀምጠው። ከዚያ አንድ ቃል ይፈልጉ፤ ምላሹ ሳይመጣ ሌላ ቃል ይፈልጉ። አሁን ሁለት ያልተፈጸሙ ፕሮሚሶች በእጅዎ አሉ። መጀመሪያ የሁለተኛውን ምላሽ ይልቀቁ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን። ሁለቱም ተንኮች እስኪጠናቀቁ ጠብቀው ውጤቱን በሴሌክተር ያንብቡ፤ መታየት ያለበት የሁለተኛው ቃል ውጤት ብቻ ነው። ይህ ቴስት አሁን ባለው ኮድዎ ላይ በእርግጠኝነት ይወድቃል፤ ሺህ ጊዜ ቢያስኬዱትም በዚያው ቦታ ይወድቃል።

ማስተካከያው አጭር ነው። ክሪኤት ኤሲንክ ተንክ (የሪዳክስ ቱልኪት ተንክ መሥሪያ) ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን መለያ ያወጣና በአክሽኑ ሜታ መስክ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የፔንዲንግ አክሽን ሲመጣ ያንን መለያ በስቴቱ ውስጥ ይመዝግቡ፤ የፉልፊልድ ወይም የሪጀክትድ (የከሸፈ) አክሽን ሲመጣ መለያው ከተመዘገበው ጋር የማይገጥም ከሆነ ምላሹን ይተዉት። ሪጀክትድ የሚለውን የጨመርኩት በብዙ ኮድ ውስጥ ስለሚረሳ ነው። አሮጌው ጥሪ ዘግይቶ ሲከሽፍ የአዲሱን ጥሪ ትክክለኛ ውጤት አንሥቶ በምትኩ የስሕተት መልእክት ያሳያል፤ ስለዚህ ያንኑ ቴስት የመጀመሪያው ፕሮሚስ የሚከሽፍ አድርገው ደግመው ይጻፉት። የመለያውን ንጽጽር ትተው አሮጌውን ጥሪ በ«አቦርት» ማቋረጥን ከመረጡም ቴስቱ አንድ ቃል ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ቴስቱ የሚጠይቀው ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ ዘዴው አይደለምና።

ስለ ክሽፈት ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ቴስቶችን በከንቱ የሚያሳልፍ አንድ ነገር አለ። በክሪኤት ኤሲንክ ተንክ የተሠራን ተንክ ዲስፓች አድርገው የሚያገኙት ፕሮሚስ ሁልጊዜ በስኬት ይጠናቀቃል፤ ሰርቨሩ ቢከሽፍም የሚመልስልዎ የሪጀክትድ አክሽኑን ነው። በመሆኑም ዲስፓቹን በትራይ (ሙከራ)፣ ማረጋገጫዎቹን በካች (የተወረወረ ስሕተት መያዣ) ውስጥ ያስቀመጠ ቴስት ወደ ካቹ ፈጽሞ ሳይገባ፣ አንዲትም ማረጋገጫ ሳያስኬድ ያልፋል። ክሽፈቱ እንዲወረወር ከፈለጉ «አንራፕ» ይጥሩ፤ ይበልጥ የምመክረው ግን ዲስፓቹን ጠብቆ የስሕተቱን ሴሌክተር ማንበብ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው እሱን ስለሆነ።

ተጠቃሚው መጻፉን እስኪያቆም የሚጠብቅ ዲባውንስ ካላችሁ እውነተኛ ሰዓት አትጠብቁ። የቪቴስትም ሆነ የጄስት (ሌላው የቴስት ማስኬጃ መሣሪያ) ማስመሰያ ሰዓት ጊዜውን በትእዛዝ ወደፊት ይገፋል፤ ነገር ግን ከሰዓቱ በኋላ ፕሮሚስ የሚከተል ከሆነ «አድቫንስ ታይመርስ ባይ ታይም ኤሲንክ» የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ኤሲንክ ያልሆነው ግን ጊዜውን ገፍቶ ፕሮሚሶቹ ተራቸውን ሳያገኙ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሾቹን በእጅ የመያዙን ቴስት በተባለው መንገድ ጻፍኩት፤ ጉድለቱን ወዲያውኑ አሳየ፣ የጥሪው መለያ ሲመዘገብም አለፈ። ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። እውነተኛ ስቶር መጠቀም ከጀመርን ወዲህ ለብቻቸው ሲሄዱ የሚያልፉ አንዳንድ ቴስቶች ከሌሎች ጋር ሲሄዱ ይወድቃሉ። በተጨማሪም ሰርቨሩን ለመምሰል ሞክ ሰርቪስ ዎርከርን መጠቀም የሚመክሩ አሉ፤ ከላይ ከተባለው ማስመሰያ መጥሪያ ጋር እንዴት ይታረቃል?

ሦስተኛ መልስ

ለብቻው አልፎ ከሌሎች ጋር የሚወድቅ ቴስት ከፊቱ የሄደ ቴስት ያስቀረውን ስቴት እየወረሰ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ስቶሩ የት እንደሚፈጠር ነው። በአንድ ሞጁል ውስጥ አንዴ ተፈጥሮ በኤክስፖርት የሚሰጥ ከሆነ በዚያው ፋይል ያሉ ቴስቶች ሁሉ አንዱን ስቶር ይጋራሉ። ጄስትና ቪቴስት ሌላ ቅንብር ካልተሰጣቸው በስተቀር ሞጁሎችን በፋይል ስለሚለያዩ ችግሩ ከፋይል ወደ ፋይል አይሻገርም፤ ፍለጋዎን በአንድ ፋይል ውስጥ ማጥበብ የሚችሉትም ለዚህ ነው። መፍትሔው ስቶሩን የሚፈጥር ፋንክሽን ማዘጋጀት ነው፤ መተግበሪያው አንድ ጊዜ ይጠራዋል፣ እያንዳንዱ ቴስት ደግሞ ለራሱ ይጠራዋል። በአንድ ትልቅ ቢፎር ኢች (ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚሄድ ኮድ) ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ በየቴስቱ መጀመሪያ በግልጽ እንዲጠራ እመርጣለሁ፤ አንባቢው ቴስቱ ከምን እንደተነሣ ወደ ላይ ሳይመለስ ያያል።

ስቶሩ አዲስ ሆኖም ችግሩ ካልጠፋ ከስቶሩ ውጭ የሚኖሩትን ይመርምሩ። ስቴቱን በሎካል ስቶሬጅ (የብሮውዘሩ ማስቀመጫ) የሚያስቀምጥ ኮድ ካለ፣ የጄኤስዶም (ብሮውዘርን የሚያስመስል ላይብረሪ) ሎካል ስቶሬጅ ከአንዱ ቴስት ወደ ሌላው ይተላለፋልና ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ ይጽዳ። በተንክ ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከስቴቱ ውጭ በሞጁል ደረጃ የተቀመጠ ተለዋዋጭም የተለመደ ተጠያቂ ነው፤ የመጨረሻውን ጥሪ ለማስታወስ ተብሎ እንዲህ ይቀመጣል። ያለፈ ቴስት ሳይጠብቀው የተወው ፕሮሚስ ዘግይቶ ሲፈጸም ደግሞ ወቀሳው የሚያርፈው በሚቀጥለው ቴስት ላይ ነው፤ ስለዚህ ቴስቱ የጀመረውን ሁሉ ጠብቆ ይጨርስ።

ሌሎች ላይብረሪዎችን የምትጠቀሙ አንባቢዎችም ይህ ይመለከታችኋል። የዙስታንድ ስቶር እንደተለመደው አጻጻፍ በሞጁል ደረጃ ስለሚፈጠር ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ ወደ መነሻ ስቴቱ መመለስ አለበት። በፒኒያ ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት አዲስ ፒኒያ ፈጥሮ ንቁ ማድረግ ይበቃል፤ ነገር ግን ለኮምፖነንት (የገጹ አንድ ቁራጭ) ቴስት የተዘጋጀው ክሪኤት ቴስቲንግ ፒኒያ አክሽኖቹን በነባሪነት በባዶ ፋንክሽን እንደሚተካ አትዘንጉ። ስቶሩን ራሱን በእሱ የሚፈትሽ ሰው ምንም የማይሠራ አክሽን እየፈተሸ ነው።

ወደ ሞክ ሰርቪስ ዎርከር ስመለስ፣ ሁለቱ ተቀናቃኞች አይደሉም። ሞክ ሰርቪስ ዎርከር ጥሪውን የሚጠልፈው በኔትወርኩ ደረጃ ስለሆነ የሰርቨር መጥሪያው ኮድ ራሱ፣ ማለትም አድራሻው፣ የሚልከው ጽሑፍና የስሕተት ቁጥሮችን የሚተረጉምበት መንገድ አብሮ ይፈተሻል። ስለዚህ ስቶሩንና ኮምፖነንቱን አንድ ላይ ለሚይዙ ቴስቶች እሱን እመክራለሁ። የምላሾችን ቅደም ተከተል ለሚፈትሹት ግን ማስመሰያ መጥሪያው ይሻላል። ሰዎች በሞክ ሰርቪስ ዎርከር ውስጥ አንዱን ምላሽ በማዘግየት ቅደም ተከተሉን ሊያስመስሉ ይሞክራሉ፤ ይህ ቴስቱን ያንቀራፍፈዋል፣ ከማስመሰያ ሰዓት ጋር ሲገናኝም ያዘገየው ምላሽ ራሱ በቆመው ሰዓት ላይ ስለሚንጠለጠል ቴስቱ እስከ ጊዜ ገደቡ ተገትሮ ይቀራል።

ከመጀመሪያው መልስ ጋር የምለያይበት አንድ ነጥብ አለ። እዚያ ስቴቱን ሁልጊዜ በአክሽኖች እየገነቡ ወደሚፈለገው ቦታ መድረስ ተመክሯል። መነሻው ቅርብ ሲሆን ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ብዙ አክሽን ተልኮ ብቻ በሚደረስበት ስቴት ላይ ቴስት ሲጻፍ፣ ከመሐል አንዱ አክሽን ቢበላሽ ከእሱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቴስቶች ሁሉ አብረው ይወድቁና መንስኤውን መለየት አድካሚ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መነሻ ስቴቱን በፕሪሎድድ ስቴት (ስቶሩ ሲፈጠር በሚሰጠው ዝግጁ ስቴት) መስጠትን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

የተነሣው ነጥብ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በፕሪሎድድ ስቴት ውስጥ አንድ አደጋ አለ። በእጅ የተጻፈ ስቴት በመተግበሪያው ውስጥ ፈጽሞ ሊከሰት የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የአቃፊው ዝርዝር የሚጠቅሰው ማስታወሻ በማስታወሻዎቹ መካከል የሌለ ሊሆን ይችላል። ቴስቱ በዚህ ላይ ቢያልፍም ሆነ ቢወድቅ ትርጉም የለውም። የስቴቱ ቅርጽ ሲለወጥም እነዚህን ኦብጀክቶች አንድ በአንድ ማረም ይመጣል፤ ጠያቂው መጀመሪያ ያማረረው ችግር ይኸው ነበር። ስለዚህ ፕሪሎድድ ስቴት የሚያስፈልግ ከሆነ በየቴስቱ በእጅ አይጻፍ፤ ጥቂት አቃፊዎችንና ማስታወሻዎችን ተቀብሎ እርስ በርስ የሚስማማ ስቴት የሚገነባ አንድ ረዳት ፋንክሽን ይኑር። የስቴቱ ቅርጽ ሲለወጥ የሚታረመው ያ ፋንክሽን ብቻ ይሆናል።

ስለ ሴሌክተር ያልተነገረ ነገር ልጨምር። በክሪኤት ሴሌክተር (ውጤቱን የሚያስታውስ ሴሌክተር መሥሪያ) የተሠራ ሴሌክተር የሚፈተሽበት ሁለተኛ ባሕርይ አለው፤ እሱም የማይመለከተው ለውጥ ሲደረግ ያንኑ ውጤት መመለሱ ነው። ሴሌክተሩን ጠርተው ውጤቱን ይያዙ፤ ከእሱ ጋር የማይገናኝ አክሽን ይላኩ፤ ደግመው ጠርተው በ«ቱቢ» ያነጻጽሩ። ከግብአት ሴሌክተሮቹ አንዱ በተጠራ ቁጥር በ«ፊልተር» አዲስ አሬይ የሚሠራ ከሆነ ይህ ቴስት ይወድቃል፤ በገጹ ላይ ግን ጉድለቱ የሚታየው ዝርዝሩ ሲረዝም በሚመጣ መንቀራፈፍ ብቻ ስለሆነ ማንም ቶሎ አይደርስበትም።

ኮምፖነንቶችን በተመለከተ «ዩዝ ሴሌክተር»ን (ኮምፖነንቱ ስቶሩን በሴሌክተር የሚያነብበትን) በሞክ (በማስመሰያ) አይተኩት። የተተካ ዕለት ኮምፖነንቱና ስቶሩ የሚገናኙበት ቦታ ከፍተሻ ውጭ ይሆናል። ኮምፖነንቱን ከላይ በተባለው ፋንክሽን በተፈጠረ እውነተኛ ስቶር ጠቅልለው በቴስቲንግ ላይብረሪ ያቅርቡት፤ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይጻፉ፣ የሚታየውንም ጽሑፍ ያንብቡ። ለፍለጋው እንዲህ ያለ አንድ ቴስት ይበቃል፤ የምላሾቹ መቀዳደም፣ ክሽፈቱና የዲባውንሱ ዝርዝር በስቶሩ ደረጃ በተጻፉት ቴስቶች ተሸፍኗል፤ በኮምፖነንቱ ላይ መደገም አያስፈልገውም።